የነዋሪነት ማብቂያ ቀን

ቢሮዬ ቦይዚ ነው፣ ከጎማ ቤት አጠገብ፤
ሥራዬ የሰው ዓመት በቁጥር መሰብሰብ።
ከጥር እስከ ሚያዝያ ወንበሬ አይበርድም፣
ደረሰኝ ይዘንባል፣ መሬት አያርስም።
ዘንድሮ የበዙት ከወዲያ ማዶ ናቸው፣
ከካሊፎርኒያ ጫካ እሳት የነቀላቸው፤
መድኃኒት በኪሳቸው፣ ድመት በቅርጫት፣
ቁልፍ በእጃቸው ይዘው፣ በሩ የጠፋበት።

ቬልማ ሃስኪን መጣች፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት፤
ኮቷ የእርዳታ ነው፣ እጅጌው ረዝሞባት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመዝማዛው ዳገት
የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ናት።
«ከእሳቱ አትጀምር» አለችኝ ተቀምጣ፤
«እሳትማ ኋላ ነው፣ ደብዳቤ ነው ቀድሞ የመጣ።»

ደብዳቤው ጨዋ ነው፦ «ክብርት ደንበኛችን፣
ለሃያ ስድስት ዓመት ታማኝነትዎ ምስጋናችን።
አካባቢዎን ከላይ፣ ከሰማይ ተመልክተን፣
የቤትዎን መድን ላለማደስ ወሰንን።»
ጥዱ፣ ባሏ ዴል የተከለው፣ ጥላ ሲባል የኖረው፣
በአንድ ገጽ ወረቀት «ማገዶ» ነው የሆነው።
ቆረጠችው ቬልማ። ፎቶ አንስታ ላከች፤
መልሱንም ጥላውንም፣ ሁለቱንም አጣች።

«የመጨረሻ መጠጊያ» የሚሉት መድን አለ፤
ሦስት እጥፍ ይከፈላል፣ ግማሽ ቤት ይሸፍናል።
«የትኛውን ግማሽ ብዬ ደወልኩ» አለች፣
«ማእድ ቤቱን ወይስ መኝታውን?
ስልኩ ሙዚቃ አሰማኝ። ሃያ ደቂቃ፣ ዋሽንት።»

እሳቱን በሁለት ቃል ቋጨችው፦
«ነፋሱ ዞረ። ወጣሁ።»
ሌላውን እጅጌዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ዝርዝር መጣ፦ ዕቃ፣ ዕድሜ፣ ዋጋ።
ማንኪያ፣ አሥራ ሁለት። ብርድ ልብስ፣ አራት።
አንድ ካርቶን ጓንት፣ ልጆች አውቶቡስ ውስጥ የረሱት፣
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሁሉም የአንድ እጅ፣
ሠላሳ ክረምት ባለቤት ሲጠብቅ።
ኩባንያው መለሰ፦ ጥንድ ያልሆነ ዕቃ ዋጋ የለውም።
(«እኔስ?» አላለችም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።)

ዴልን አልጻፈችውም።
ዴል መደርደሪያው ላይ ነበር፣ በሸክላ ዕቃ፣
ከአራት ዓመት በፊት፣ እንደ ኑዛዜው፣ ተቃጥሎ።
እሳት አመድ ወለደ ይላሉ፤
የዴል አመድ ግን እሳቱን ቀድሞ ጠበቀው።
«ምን ብዬ ልሙላ?» አለችኝ። «ድሮም አመድ ነበር።
ምን ጎደለ ልበል?»

ሁለት ቅጽ ዘረጋሁ፣ ዓመቷን እንደ ዳቦ ልቆርሰው፤
እስከዚህ የዚያኛው ግዛት፣ ከዚህ ወዲህ የዚህኛው።
ጥያቄው አንድ መስመር ነው፦
ነዋሪነትዎ ያበቃው በየትኛው ቀን ነው?

«ቤቱ የነደደ ዕለት?»
አይሆንም፤ ሞቴል ነበርሽ፣ ልትመለሺ።
«እዚህ ኪራይ የፈረምኩ ዕለት?»
ምናልባት።
«መንጃ ፈቃዴን ስቀይር?»
ምናልባት። ሕጉ ግን ልብ ነው የሚጠይቀው፣ አልኳት፤
የመመለስ ሐሳብሽ የተቆረጠበትን ቀን።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ
ያን ዓረፍተ ነገር ስናገረው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከቦርሳዋ ሌላ ፖስታ አወጣች። የመሬት ግብር።
ቤቱ፦ ዜሮ። ቦታው፦ እንደነበረ።
«መሬት አይቃጠልም ማለታቸው ነው» ብላ ሳቀች።
ከፍላዋለች። በሰዓቱ።
«ለባዶ ቦታ?» ብላት፣ «ሽጪውና ይቅርብሽ»፣
«ባዶ አይደለም» አለች። «ዴል ነዋሪ ነው።
የእሱ ቀን አላበቃም።»

ጥቅምት አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣
ሳልጫን፣ ላጲስ እንዲያነሳው።
ሦስት መቶ አርባ ዶላር ይመለስልሻል፣ አልኳት።
«ከየትኛው?»
ከለቀቅሽው።
«ገንዘቡስ ይመለሳል» አለች፣ እጅጌዋን እያጠፈች፤
ቀጣዩም ገባ፣ ድመቱን እንደታቀፈ።