ጠብ

የዘጌን ጀልባ ስጠብቅ፣ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ፣
ሙላው የደንገል ታንኳውን ከዋርካ ሲያስደግፍ ሳይ፣
«አረጀ እንዴ?» አልኩት።
                «ኧረ ወር አልሞላው!
ውሃ ጠግቦ ነው እንጂ፤ ፀሐይ ነው የጎደለው።
ደንገል እንዲህ ካላቆሙት፣ እየጠጣ ይከብዳል፣
ማዕበል ሳይነካው እንኳ፣ ሆዱ በያዘው ይሰምጣል።»

ይህን ብሎኝ ሄደ፣ ቆሮሶውን በልጥ ሰክቶ።
ጀልባውም መጣ፣ ሄደ፣ እኔን እዚያው ትቶ።

ጠብ ይላል ከታንኳው፣ ጥቁሩ ጠጠር ላይ።
ጠብ።
    አባታችን ለታናሼ ያወጣው ስም «አንለይ»፤
በአንዲት ክፍል ቤት ሰበብ ከተኳረፍን ሦስት ዓመት፣
ጠባችን አንድ ቀን እንኳ ጠብ አላለም ከአንጀት።

ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩ።
አላነሳም።
        ይሁን፤ ታንኳውም ገና እርጥብ ነው፣
ፀሐይዋ ከፍ ስትል ደግሜ ልሞክረው።