መቃኑ

እኔ ዱላ ያዥ ነኝ፤ ቀይና ነጭ ቅብ፣
ቀያሹ በመነጽር ከሩቅ የሚያነብ።
“ወደ ግራ!” ሲለኝ ወደ ግራ እሄዳለሁ፣
“ቁም!” ሲለኝ እንደ ግንድ ጭቃ ውስጥ እቆማለሁ።
ከሂርማታ ድልድይ፣ ሽቅብ በአዌቱ፣
እንዲህ ነው የዋልነው ዓርቡን ከጠዋቱ።

ወንዙ ያን ጊዜ ወንዝ ለመባል ያፍር ነበር፤
ፌስታል፣ የጋራዥ ዘይት፣ የዶሮ ላባ፣
አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ድልድይ።
ፕላኑ ግን ያምራል። ኢንጂነር ረቢራ
ታብሌቱን ከፍቶ አሳየን ተራ በተራ፦
ዛፍ፣ የእግር መንገድ፣ መብራት፣ ወንበር፣
ሰማያዊ ውሃ (አዌቱ መቼም ሰማያዊ አልነበር)፣
ፊት የሌላቸው ሰዎች ጥላ ይዘው ሲሄዱ።
“ከውሃው ዳር ሠላሳ ሜትር” አለ፣
“በግራም፣ በቀኝም።”

ሽኩርያ አባ ፎጊ፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
ክንዷን እስከ ክርኗ አረፋ እንደሸፈነው፣
ከድንጋይዋ ሳትነሣ ጠየቀችን፦
“ዳሩ የትኛው ነው፣ ልጆቼ?
የጥሩ ነው፣ የነሐሴው?
በጥር ጫማዬን ሳላወልቅ እሻገረዋለሁ፤
በነሐሴ ሳልጠራው ገብቶ
ጫማዬን ከአልጋ ሥር ይወስደዋል።
ውሃ እኮ ቤት የለውም፤
ሜትራችሁን ከማን ደጅ ነው የምትጀምሩት?”

ረቢራ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።
ቢሮ ደወለ፤ የወንዙን ሙላት የመዘገበ የለም።
አንድ ፋይል ነበር፣ አይጥ በላው።

እሷ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ
“ኑ” አለችን። የቤቷ መቃን፣
የዋንዛ እንጨት፣ በቢላ ጭረት በጭረት፦
ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የሠርጓ ዓመት።
ጉልበት ላይ፣ ነጃት የተወለደች ለት።
ከፍ ብሎ፣ ባሏ ሙዘሚል ፍየሏን ሊያወጣ ገብቶ
ፍየሏ ብቻ የወጣችበት።
ከሁሉ በላይ፣ እኔ ደረት ጋ፣ አንዲት የጠቆረች።
“ይቺን አማቴ ናት የቆረጠቻት። እኔ አላየሁም።”

ዱላዬን ከመቃኑ ጎን አቆምኩ።
ረቢራ አነበበ፣ ጻፈ፣ ደመረ።
“እማማ፣ ይሄ ወርቅ ነው” አላት።
ሰሙን አልነገራትም።

ማታ ቢሮ ውስጥ መስመሩ ተሰመረ፣
ከላይኛዋ ጭረት ዳሩ ተቆጠረ፤
በራሷ እንጨት፣ በራሷ ቢላ፣ በራሷ ቃል፣
የሽኩርያ ቤት መስመሩ ውስጥ ውሏል።
በማግስቱ ቀይ ቀለሙን የያዝኩት እኔ ነኝ።
በሯ ላይ ስደርስ ቀለሙ በዝቶ ተንጠባጠበ።

አሁን ያምራል። ልዋሽ አልችልም፣ ያምራል።
ልጄ ሪሃና ሳይክል የለመደችው እዚያ ነው፤
ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል፣ ሱቅ በደረቴዎች ይባረሩበታል።
የአንሶላ ድንጋይዋን ሣሩ መሃል ለጌጥ ተክለዋታል።

ሽኩርያ ከከተማው ጥግ፣ ዳገት ላይ ናት፤
ውሃ በጀሪካን፣ በሦስት ቀን አንዴ።
መቃኑን ብቻ በጋሪ ጭና ወሰደች፤
ካሳው ሲጻፍ አልተቆጠረም።

ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ፦
“ላይኛዋ ጭረት” አለ ረቢራ፣ ከዝናቡ ድምፅ መሃል፣
“ስንት ነበረች? ስንት ብለን ነበር?”
ሮጬ ደረስኩ። ወንበሮቹ ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል፤
መብራቶቹ ከሥር ይበራሉ፣ ቢጫ ዓሣ ይመስል።
ቤቷ ቢኖር ኖሮ እሷ እዚያ ተኝታ ነበር፤
ይሄንንም ልዋሽ አልችልም።

ንጋት ላይ ዳገቱን ወጣሁ።
ደረቅ ግቢ መሃል መቃኑ ያለ በር ቆሟል፣
የልብስ ማስጫ ገመድ አንድ ጫፉ እሱ ላይ ታስሯል።
ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም።
“መጥቶ አጣኝ በለኛ” አለች።
ገብታ ቢላዋን ይዛ ወጣች።
“እስከ ምን ደረሰ?”
ዱላዬን አልያዝኩም፤ ደረቴን ነካሁ።
“ቁም” አለችኝ፣ “ቀጥ በል።”
ከመቃኑ ጎን እንደ ግንድ ቆምኩ።