የኋላ ማርሽ

ከሮዛሪዮ ስንነሣ ብዙም አልጫንን፤
ብርድ ልብስና ስንቅ፣ ከኋላ አንድ አልጋ፣
ላልተወለደ ሰው በእጄ የላግሁት
ክረምቱን በሙሉ ስደክም ስተጋ።

ልጃችን ደቡብ ጫፍ ወሯ ገብቶ ሳለ
ዙልማ ከጎኔ ሹራብ ትሠራለች፤
"ቀድመን እንደርስ ይሆን?" ብዬ ብጠይቃት
"ንዳ አንተ ዝም ብለህ፣ ይጠብቃል" አለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ፓታጎንያ መሐል
ካምቢዮው አጓራ።
አንደኛ ባስገባ ባዶ፣ ሁለተኛም ባዶ፤
ሦስተኛ ላይ ደግሞ ቀጭ አለና ቀረ።
ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም፤
አፉና እግሩ የተጣሉበትን ሰው መሰለች መኪናዬ።
ፍሪሲዮን ረግጬ በንዴት ስጎትት
የኋላ ማርሽ ብቻ እሺ አለኝ፣ እሱም በስንት ልመናዬ።

ወደ ዙልማ ዞርሁ።
"እሱስ መሄድ አይደል?" አለች፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ።

ያለፍነው መንደር ድረስ ኻያ ሁለት ኪሎ ሜትር የኋሊት ነዳሁ፣
አንገቴ ተጠምዞ፣ ነፋሱ በሩን እየታገለ፤
አንድ ጓናኮ አጥር ጥግ ቆሞ ታዘበን
ሣሩን በአፉ እንዳንጠለጠለ።
ቀና ባልሁ ቁጥር፣ በፊት መስታወቱ፣ ልንሄድበት የነበረው መንገድ
እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ክር ሲሆን አየሁት፤
ሰው ግቡን እያየ መሸሽ እንደሚችል
ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሬ ያን ቀን አወቅሁት።

የኤቫሪስቶ ጋራዥ የበግ መሸለቻ ነው።
ካምቢዮውን አውርዶ ጠጉር በሞላበት ጠረጴዛ ፈታው፤
በጠቆረው ዘይት ጣቱን ሰዶ ዳስሶ
ሩዝ ውስጥ ጠጠር እንዳገኘ ሰው
አንዲት የማርሽ ጥርስ አወጣና አሳየኝ።
"ዕቃው በአውቶቡስ ነው የሚመጣ፣ ሐሙስ።"
"የትኛው ሐሙስ?"
ነፋሱን አዳመጠ፣ መልሱ እሱ ዘንድ ያለ ይመስል።

በእኛ ቋንቋ ካምቢዮ ማለት ለውጥ ነው፤
የሱቅ መልስ፣ ዝርዝር ሳንቲምም ነው ደግሞ።
ኪሴን ዳበስሁት፤
ለሁለቱም አይበቃም።

ዘጠኝ ሌሊት ቫኗ ውስጥ አደርን።
አልጋው ባዶውን ከእግራችን ሥር ተቀምጦ
ነፋሱ የሚያወዛውዘው እኛን ነበር።

በስድስተኛው ሌሊት በኤቫሪስቶ ስልክ ሰማን፦
ሴት ናት፤ አራት ኪሎ ከመቶ።
ዙልማ አለቀሰች፤ እንባዋ ሳይደርቅ
ሹራቡን እስከ ግማሹ ተረተረችው።
"ይጠባታል" አለች።

ኤቫሪስቶ ለእጁ ዋጋ ገንዘብ አልነካም አለ፤
የሚያነክስ ጠረጴዛውን ጠገንሁለት፣ ተለያየን።

ደረስን። አፏን ከፍታ አዛጋችብን፣ ድድ ብቻ።
እኔ ኪሴ ውስጥ ያችን ጥርስ ነካሁ፤ ለማንም አላሳየሁም።
አልጋው አሁንም የካምቢዮ ዘይት ይሸታል፣
ሁለት ጊዜ አጥቤው።