ሁለተኛ ግልባጭ

ልደታ ፍርድ ቤት በር፣ ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ነገር ስጽፍ፣
በገጽ ሠላሳ ብር፣ ለከሳሽ ለተከሳሽ እኩል፤
ጣቴ ወገን የለው፣ የሰማውን ይከትባል።

ጠዋት አንድ ጠበቃ፣ ሱፉ የተተኮሰ፣
አራት ገጽ አስጽፎ፣ መልስ ሳይጠብቅ ተመለሰ፦
«ከሳሽ፦ አቶ ልሳነወርቅ፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ባለትዳር፣ የሰፈር አስታራቂ፣ የብዙ ሰው ወዳጅ።
ተከሳሽ፦ ወይዘሪት ቤዛዊት ሽብሩ፣ ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ፤
ስሜን አጥፍታለች፣ ስምንት መቶ ሺህ ብር ካሳ ይፍረድልኝ ዳኛ።»
ደሞዟን አሰላሁት፣ የጸሐፊ አመል ሆኖብኝ፤
ሳትበላ ሳትለብስ፣ አሥር ዓመት ከሦስት ወር ወጣልኝ።

ከሰዓት ራሷ መጣች።
መጥሪያዋን በፌስታል ከዝናብ ደብቃ፣
«መልስ ይጻፋል?» አለች፣ ደጄ ላይ ተጣብቃ።

ከተብኩላት።
የምድር ቤቱን መዝገብ ክፍል፣ የተቆለፈውን በር፣
የጣቱን ቀለበት፣ ትከሻዋ ላይ የቀረውን ሰንበር፣
አለቆቹ ስትነግራቸው «ሆደ ሰፊ ሁኚ» ያሏትን፣
ለሦስት ጓደኞቿ የላከችውን መልእክት፣ ለክስ ያበቃትን።
እናቷ «ዝም አይነቅዝም» ብላት ሁለት ዓመት ዝም ብላ፣
መንቀዙን ያወቀችው ውስጧን ቦርቡሮ ሲበላ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰን
መብራት ጠፋ።
ያላስቀመጥኩት ሁሉ ከነአንቀጹ ጠፋ።
(የሱ ስም ጠፋ ይላል ክሱ። የሷ እንቅልፍስ ሲጠፋ?)
ባትሪው ያረጀ ነው፣ ጥፋቱ የኔ፣ አልኩ አፍሬ፤
«ግድ የለም እትዬ፣ ሲመጣ እደግመዋለሁ። ለምጃለሁ እስከ ዛሬ።»

እኔ የክስ ጸሐፊ ነኝ።
ውሸት ሲደገም ያብባል፣ ሰዓቱም በሩም ይለዋወጣል።
እሷ ግን ደገመችው፦ ያው በር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰንበር፣
ያው ቃል ጋ ሲደርስ የሚቆም ያው ትንፋሽ ነበር።
ይኼ ማስረጃ አይሆንም፤
መዝገብ ላይ ትንፋሽ አይያያዝም።

መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ፦
«ተበደልኩ ያለ ሰው፣ በደሉ ሳይመረመር፣
በመናገሩ ብቻ እንዳይከሰስ የሚል የለም? አንድ መስመር?»
ስንት ቁጥር ጽፌያለሁ፣ ስንት ንዑስ አንቀጽ፤
ያ ግን በእጄ አላለፈም፣ በኔ የሠላሳ ብር ገጽ።
የማውቀው አንድ ነው፦ አባቴ ሀገር፣ ዱላ አንስቶ የሚሮጥን ሰው
«በሕግ አምላክ!» ካሉት ይቆማል፣ ንዴቱ እንኳ አያነቃንቀው።
ዱላው አየር ላይ እንዳለ።
ያን የመሰለ ቃል ነው የፈለገችው፣ ክሱን ከአናቷ በላይ የሚያስቆም፣
ተናግራ እስክትጨርስ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ይፈረድ፣ ለሷም ለሱም።

ስለዚህ ቁጥር ሳልሰጠው ጻፍኩት፣ ከዳኝነት ጥያቄው በታች፦
«በሕግ አምላክ»። አነበበችው። ፈረመች።

ሠላሳ በሦስት ዘጠና ነው፤ ቦርሳዋን ስትከፍት ተውኩ፣
ጠበቃው ጥሎት የሄደውን መልስ ለሷ መልስ አደረግኩ፤
አሥር ብር ጎደለ፣ እሱን እኔ ቻልኩ።

ማታ ልዘጋ ስል ማሽኑ ይጠይቀኛል፦ የሰነዱ ስም ማነው?
ላስቀምጠው ወይስ ላጥፋው?
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ፒያሳ፣ የታይፕ ትምህርት ቤት፣ የመምህሩ እጅ ከኋላዬ፣
ያልተጻፈ፣ ያልተከሰስኩበት፣ የነቀዘው ገላዬ።

አላጠፋሁም። አዲስ ገጽ ከፈትኩ።
ባትሪው አሥር ደቂቃ ይላል።
ከጠፋም፣ እደግመዋለሁ።