ምራቁን የዋጠ

ጣቶቼን ተመልከት። ይኸኛው ጠማማው
የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት ነው፤ ስክራንተን ከተማው
ዝናብ ሊጥል ሲል ነው። ይኼ ጥፍር አልባው
ዴይተን ነው፣ መስከረም፤ ትንሹ ጎባባው
ባቡር ሊያመልጠን ሲል፣ በዘጠነኛው ዙር።
ስለ ኢድዋል ፕሮዘር መዝገብ አትቆፍር፤
የሱ ክንድ ታሪኩን በእጄ ላይ ጻፈ፣
የቀለብሁት እኔ ነኝ ዱላውን ያለፈ።

ከከሰል ጉድጓድ ነው፤ ከዌልሶች ሠፈር፤
አባቱ የሚተፋው ጥቁር አክታ ነበር።
ልጁ ሲተፋ ግን፣ የዛፍ ልጥ አኝኮ፣
ኳሷን ያረጥባል ጓንቱን አስታክኮ፤
ከጉብታው ላይ ቆሞ ሲለቃት ወደ እኔ
ቀጥ ብላ ትመጣና፣ ልትደርስ ከጎኔ፣
ከመቺው ጉልበት ሥር ትወድቃለች ድንገት፣
ደረጃ እንደሳተ ሰካራም በሌሊት።
መቺው አየር መትቶ ዞሮ ይቀመጣል፤
ሕዝቡ ባርኔጣውን ወደ ሜዳ ይጥላል።

ቶሌዶ ላይ አንዲት፣ ሌቲሻ የምትባል፣
የሰባኪ ልጅ ናት፣ «እኔስ ይቅርብኛል፤
ምራቅ የነካው ጣት ቀለበት ይከብደዋል» አለችው።
ሳቀ። ግን ሦስት ማታ ከአጥራቸው ሥር አየሁት፣ ባርኔጣው በእጁ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ባቡር፣ ዘጠኝ ዓመት ትኋን፣
ለሁለት ሰው አንድ አልጋ፣ ቀዝቃዛ ድንቻችን።

አንዴ ብቻ ጠሩት ከትልቁ ሊግ ቤት።
ፒትስበርግ፣ ነሐሴ። ሸሚዝ ገዛሁለት።
ሁለት ዙር ወረወረ፤ ቀላቢው ሌላ ሰው፣
የምትወድቀዋን ኳስ መያዝ ያልቻለው፤
ሦስቴ አመለጠችው፤ ሦስት ሯጭ ቤት ገባ።
ጋዜጣው «ፕሮሰን» አለው፤ ስሙም አልረባ።
ሐሙስ ተመለሰ። «እንዴት ነበር?» አልሁት።
«ሣሩ ደስ ይላል» አለ። ሌላ አልጠየቅሁት።

ከዚያ ሕግ ወጣ፤ ምራቅ ነውር ሆነ፤
ለስመ ጥሮቹ ግን ምሕረት ተወሰነ።
ዝርዝሩን አነበብሁ ከታች ወደ ላይ፣
ከላይም ወደ ታች፣ የሱን ስም ሳላይ።
ሲላጭ ነበር ያን ጧት። መስተዋት ጠረገ።
«በቃ?» አለኝ። «በቃ።» ፎጣውን ፈለገ።

በደረቅ ኳስ ሞከረ፤ ዱላ ሁሉ አገኛት፤
አጥሩን ዘልላ ስትሄድ ቆሞ ተሰናበታት።
በአራተኛው ዙር ላይ ከጉብታው ወረደ።
እጁን ሰጠ አሉ፤
ጓንቱን ነው የሰጠኝ፤ እጁንስ ይዞ ሄደ።

ዛሬ ካርቦንዴል ነው፣ የሚዛን ሠራተኛ፤
ፉርጎ ከሰል ሲመዝን ያመሻል፣ ብቸኛ።
ልጆች በባዶ መሬት ሲወረውሩ ሲያይ
ሁለቱ ጣቶቹ ይነሣሉ ወደ ላይ፣
ከከንፈሩ ሳይደርሱ ኪሱ ይገባሉ።
ጎረቤቶቹ ግን «ጨዋ ነው» ይላሉ፣
«ምራቁን የዋጠ ሰው!» እውነታቸውን ነው፤
የዋጠበትን ጧት እኔ ነኝ የማውቀው፤
ፎጣ ሸፍኖት ነበር ያን የተላጨ ፊት፣
ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ በመስተዋት፤
ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት ሲወርድ፣
እንደ ከሰል ድንጋይ ጉሮሮ ሲሞርድ።