ግማሹ ውሃ ነው

ባርኔጣ ያላችሁ ከአገጫችሁ እሰሩ፣
ሻሽም ያላችሁ ኪሳችሁ ቅበሩ፤
ሌባ ነው ነፋሱ፣ አይያዝም እግሩ።

ስሜ አፖሎኒ ነው፣ የቤድዋን ልጅ ነኝ፣
ስድሳ አንድ ዓመቴ፤ ጉልበቴን ቢያመኝም መንገዱ አይጠፋኝ።
ከምነግራችሁ ሁለት እጁን ነፋስ ይወስደዋል፣
አንድ እጁ ከቀረ ለእኛ ይበቃናል።

ሦስት መንገድ አለው ቫንቱ።
በሶ በኩል ያለውን የሰነፍ ነው ይሉታል፣
በላቬንደር መሃል፣ ንብ እያጀበው፣ ቀስ እያለ ይወጣል፤
እኔ ግን አልንቀው። በዚያ ነው እናቴ እኔን አርግዛ የወጣችው፣
«ከፍታ ትልመድ» ብላ፤ አባቴ ያኮረፋት ያኔ ነው።

ከማሎሴን ያለው በጥላ የሚሄድ፣
ሲወጡት ዝም ብሎ ሲወርዱት ጉልበትን የሚያርድ።

ሦስተኛው የእኛ ነው፣ ከቤድዋን የሚነሳ፣
በዝግባ ጫካ ውስጥ ጀምሮ፣ ኋላ ዛፍን የሚረሳ።
ከዚያ ነጭ ድንጋይ። ነጭ ድንጋይ ብቻ።
በሐምሌ ፀሐይ ከሩቅ ያየው ሁሉ በረዶ ነው ይላል፣
ቀርቦ ሲረግጠው ጫማውን ይበላል።

«ድሮም ራሰ በራ ነበር?» የሚለኝ ብዙ አለ፤
አይ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ቱሎን ወርዶ፣ መርከብ ሆኖ ባሕር ላይ ዋለ።
የቀረውን በላው ፍየል፣ ፍየሉ የተወውን ጎርፍ፤
በኋላ መንግሥት ችግኝ ላከ፣
መንደሩ በሳንቲም ቆፈረ፣ ለደን ሳይሆን ለዳቦ ትርፍ።

ይሄ ሁሉ በመጽሐፍ አለ። ይልቅ ወደዚህ ኑ፣
ጉድጓዱን ላሳያችሁ። ጠርዙን አትመኑ።

እዚህ ነው ማርሰላን፣ የአያቴ አባት፣
ክረምትን አጭዶ የከተተበት፤
በረዶውን በእግሩ ጠቅጥቆ፣ በቅጠል ሸፍኖ፣
ሐምሌ ላይ በመጋዝ ያወጣዋል ድንጋይ ሆኖ።
ፀሐይ ሳትጠልቅ አይጭንም፤ በሌሊት ነው የሚወርድ፣
ሁለት በቅሎ ይዞ፣
ጭነቱን ላብ ሲያልበው፣ እሱ በብርድ ሲርድ።

ካርፓንትራ ሲደርስ ግማሹ ውሃ ነው፤ መንገዱ ጠጥቶታል፣
ገዢው የሚመዝነው የቀረውን ነው፤ ለሄደው ማን ይከፍላል?
ስለዚህ መንደሩ ሚስትራልን ሲረግም፣ በሩን ሲቀረቅር፣
ማርሰላን ኮፍያውን አንስቶ እጅ ይነሳው ነበር፤
ነፋስ በነፈሰ ሌሊት
የሚቀልጠው ከሩብ አይበልጥማ።

አንድ ሐምሌ ልጁ ሮዚን በትኩሳት ተያዘች።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በደጃፉ ሲያልፍ በቅሎዋ ቆመች፤
ለምን እንደሆነ አላውቅም። በቅሎ ለራሷ ትቆማለች።
ጭነቱ የሰው ነው፣
የሠርግ ወይን ማቀዝቀዣ፣ ቀብድ የተበላበት፤
አወረደው። በመጥረቢያ ሰባብሮ በዙሪያዋ ከመረላት።
ሲነጋ ውሃው በደረጃው ወርዶ፣ ጎረቤት አየበት።

ሠርጉ በሞቀ ወይን አለፈ።
ከዚያ ወዲያ ከማርሰላን የገዛ የለም፣
በቅሎዎቹንም ሸጠ፤ ስለ ነገሩ ግን አንድ ቀን አላወራም።
ሮዚን ዘጠና ሁለት ዓመት ኖረች፤ አያቴ ናት፣
በረዶ ያለበት ብርጭቆ ሲሰጧት
«የሰው ሠርግ ነው» ብላ
በጣቷ ለቅማ ታወጣው ነበር፣ አንድ በአንድ፣ ጠረጴዛው ላይ።

እጃችሁን ስደዱ። ከቅጠሉ በታች። አይዟችሁ፣ ጥልቅ አይደለም።
ሰኔ ሠላሳ ነው ዛሬ፤ ይሰማችኋል አይደል?
ማን እንደከተተው አላውቅም፤ ምናልባት ተራራው ራሱ ለምዶ ይሆናል።

እኔም ከራሴ ስንት እጅ እንደቀለጠ አልመዘንኩም።

በሉ ተነሱ፣ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።
እዚያ ስንደርስ አላወራም፣ ብጮህም አትሰሙኝም፤
ኮፍያው የተወሰደበት ካለም አይሩጥ፤
ከታች ቤድዋን ላይ፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ሰቅለው ያቆዩታል።