ሦስት ቀን ሮድስ

እናቴ ገረማት፦
«የአሽቀሎን ባሕር ደጅሽ ላይ ተኝቶ
ሰው ለዋና ይበራል፣ ስንት ብር አውጥቶ?»

ሐሙስ ማታ በረርን፤ ሲማ፣ ዝናሽ፣ እኔ፤
አንዲት ሻንጣ ለሦስት፣
ግማሿ የፀሐይ ቅባት፣ ግማሿ ወሬ።
ከሆስፒታል ፈረቃ የተረፈ ድካማችንን
ሮድስ አሸዋ ላይ አራግፈን ተኛን።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዓሣ ቤት፣ ሎሚ እየጨመቅን፣
አንድ ሞተር ሳይክል ከታች ሽቅብ ሲያጓራ
ሦስታችንም ቀና አልን።
ግድግዳ ፍለጋ ዓይናችን ሲንከራተት
አስተናጋጁ መጣ፣
ሂሳብ የጠራነው መስሎት፣
ወረቀቱን ይዞ፣ በፈገግታ።

ሲማ ናት የሳቀችው፣ እንባዋ እስኪመጣ።
«ገና ነን» አለችው፣
«መች በላንና፤
እስቲ ሌላ ሎሚ አምጣ።»